የመጨረሻው ድምፅ የማን ነው? የምክር ቤት አባላት የሥነ ምግባር ተጠያቂነት በብሪታንያ ልምድ ሲታይ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2021 የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት በአንድ አባሉ ላይ በቀረበ የቅጣት ሐሳብ ለመወሰን ተሰበሰበ። ጉዳዩ የኦወን ፓተርሰን ነበር። ከ1997 ጀምሮ የሰሜን ሽሮፕሺር የምርጫ ክልል እንደራሴ የነበሩት፣ በሚኒስትርነትም ያገለገሉት ፓተርሰን፣ ከሁለት ኩባንያዎች በአማካሪነት ስም በዓመት ከ100,000 ፓውንድ በላይ እየተከፈላቸው ለእነዚሁ ኩባንያዎች ጥቅም ወደ ሚኒስትሮችና ወደ አገሪቱ የምግብ ደረጃዎች መሥሪያ ቤት በተደጋጋሚ ጉዳይ ይዘው ቀርበዋል። የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚሽነር ነገሩን ሁለት ዓመት ገደማ መርምረው ደንብ መጣሱን አረጋገጡ። ግማሹ ከምክር ቤት አባላት፣ ግማሹ ከውጭ ከተመረጡ ዜጎች የተውጣጣው የሥነ ምግባር ኮሚቴም ግኝቱን ተቀብሎ የ30 የስብሰባ ቀናት እገዳ እንዲጣል ሐሳብ አቀረበ። የቀረው የምልዓተ ጉባኤው ይሁንታ ብቻ ነበር። ይሁንታው ግን አልተገኘም። የመንግሥት ተጠሪዎች የፓርቲያቸውን አባላት በጥብቅ ትእዛዝ ባሰለፉበት ድምፅ፣ ቅጣቱ እንዲዘገይና የምርመራው ሥርዓት ራሱ የገዥው ፓርቲ አባላት በሚበዙበት አዲስ ኮሚቴ እንዲፈተሽ የሚጠይቅ የማሻሻያ ሐሳብ 250 ለ232 አለፈ።

በማግስቱ መንግሥት አቋሙን ለወጠ፤ ፓተርሰንም ከአባልነት እንደሚለቁ አስታወቁ። ምክር ቤቱ ኖቬምበር 16 ቀን የቀድሞ ውሳኔውን ሽሮ የኮሚቴውን ሪፖርት ተቀበለ፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚቀጣ አባል አልነበረም። ዲሴምበር 16 ቀን በተካሄደው የማሟያ ምርጫ፣ ገዥው ፓርቲ ከሁለት ዓመት በፊት በ22,949 ድምፅ ብልጫ ያሸነፈበት ወንበር በ5,925 ድምፅ ብልጫ ወደ ሊበራል ዴሞክራቶች ዞረ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንድ ሰው ስግብግብነት ወይም የአንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የተሳሳተ ስሌት ሆኖ ነው። ከተቋም አደረጃጀት አንጻር ሲታይ ግን ከዚህ የሰፋ ትምህርት አለው። ስለ ምክር ቤት አባላት ተጠያቂነት የሚጻፉ ጥናቶች ትኩረታቸውን በመርማሪው ነፃነት ላይ ያደርጋሉ፤ ማን ይሾመዋል፣ ማን በጀት ይሰጠዋል፣ በምን ሥልጣን ማስረጃ ያስቀርባል የሚሉትን ይጠይቃሉ። በፓተርሰን ጉዳይ መርማሪዋ ነፃ ነበሩ፤ ማስረጃው በጽሑፍ የተሰነደ ነበር፤ ኮሚቴውም የአንድ ፓርቲ መሣሪያ አልነበረም። ሥርዓቱ የተሰበረው በመጨረሻዋ እርምጃ፣ ማለትም ግኝቱ ወደ ቅጣት በሚለወጥባት የምልዓተ ጉባኤ ድምፅ ላይ ነው። ስለዚህ የሥነ ምግባር ሥርዓት ጥንካሬ በይበልጥ መለካት ያለበት የመጨረሻውን ድምፅ ማን እንደሚይዘውና በምን ሁኔታ እንደሚሰጠው ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብሎ ሥርዓቱ እንዴት እንደተገነባ ማየት ይጠቅማል። የብሪታንያ ምክር ቤት አባላቱን ራሱ የመዳኘት ሥልጣኑ ጥንታዊ ነው። የ1689ኙ የመብቶች ሕግ በዘጠነኛ አንቀጹ በምክር ቤት የተደረገ ንግግርና ክርክር በፍርድ ቤትም ሆነ ከምክር ቤቱ ውጭ በሌላ ስፍራ እንዳይመረመር ደነገገ። የድንጋጌው ዓላማ እንደራሴውን ከንጉሥ ቁጣ መጠበቅ ነበር። ንጉሡ ከሥልጣን ሜዳ ከራቀ በኋላ ግን አጥሩ ባለበት ቀረ፤ አባላትንም ከራሳቸው መራጮች ጥያቄ ጭምር የሚከልል መሰለ። እ.ኤ.አ. በ1994 አባላት ገንዘብ ተቀብለው በምክር ቤት ጥያቄ ያቀርባሉ የሚል ዜና በጋዜጦች ሲወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር በሎርድ ኖላን የሚመራ የሕዝብ አገልግሎት ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቋቋሙ። በኮሚቴው የመጀመሪያ ሪፖርት መሠረት በ1995 የኮሚሽነርነት ሥራ ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአባላት የወጪ ማካካሻ ቅሌት ሲፈነዳ ክፍያን የሚቆጣጠር ነፃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዴቪድ ቼይተርና በሌሎች ተከሳሾች ጉዳይ፣ የወጪ ማካካሻ መጠየቅ ከምክር ቤት ክርክር ጋር ስለማይቆጠር በልዩ መብት ጥላ ሥር አይጠለልም ሲል ወሰነ። ተከሳሾቹ በወንጀል ተፈርዶባቸው ታሰሩ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የተጠናከረው የምርመራው ወገን ነው። ያም ቢሆን ያለ ፈተና አልሆነም። ሁለተኛዋ ኮሚሽነር ኤሊዛቤት ፊልኪን ኃያላንን ሳይቀር በመመርመራቸው ይታወቁ ነበር፤ የመጀመሪያ የሥራ ዘመናቸው ሲያበቃ ግን ቦታው በተቀነሰ የሥራ ሰዓት በማስታወቂያ ወጣ፤ እርሳቸውም እንደገና ሳይወዳደሩ ሄዱ። መርማሪን ሳይሽሩ ማሰናበት እንደሚቻል ያሳየ አጋጣሚ ነው። የሆነ ሆኖ ከዚያ ወዲህ ሥራው ሥር ሰደደ። ከውጭ የሚመረጡ ዜጎች በ2013 ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ገቡ፤ ቁጥራቸው በ2016 ከእንደራሴዎቹ ጋር እኩል ሆነ፤ በ2019 ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ። የመጨረሻው ድምፅ ግን ከምልዓተ ጉባኤው አልወጣም።

ምልዓተ ጉባኤ ስለ አንድ አባሉ ሲወስን ምን ይሆናል? አባላቱ ማስረጃውን በሙሉ አያነቡም፤ ብዙዎቹ ከተከሳሹ ጋር አብረው ምሳ የበሉ፣ በአንድ የምርጫ ዘመቻ የደከሙ ናቸው። ወዳጅነቱ በራሱ ነውር የለበትም፤ ዳኝነቱ ላይ ሲደርስ ነው የሚከብደው። ከዚያ በላይ ደግሞ የፓርቲ ሥርዓት አለ። የመንግሥት ተጠሪው ሥራ ድምፅ መሰብሰብ ነው፤ ስለ በጀት ሲሆን ትክክል የሆነው ይህ ሥራ ስለ ሰው ጥፋት ሲሆን ዳኛን እንደ ማግባባት ይቆጠራል። የብሪታንያ ልማድ የሥነ ምግባር ጉዳዮች ከፓርቲ ትእዛዝ ነፃ በሆነ ድምፅ እንዲወሰኑ ይጠብቅ ነበር። ልማድ ግን ጥቅም ሲነካ የሚጣስ አጥር መሆኑን የኖቬምበር 3ቱ ቀን አሳየ።

የፓተርሰን ደጋፊዎች ያነሱት መከራከሪያ ሳይመዘን መታለፍ የለበትም። አሥራ ሰባት ምስክሮች በቃል አልተሰሙም፤ ይግባኝ የሚባልበትም አካል የለም ብለው ነበር። የምስክሮቹ ቃል በጽሑፍ መቅረቡ የመጀመሪያውን አቤቱታ ያቀለዋል። የይግባኙ ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር። ስህተቱ ጥያቄው የቀረበበት ጊዜ ላይ ነው፤ ሕግ የሚሻሻለው ለሚመጣው ጉዳይ ነው እንጂ በችሎት ላይ ላለ ሰው መውጫ አይደለም። ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ራሱ ምክር ቤቱ በኋላ አረጋግጧል፤ በ2022 ባደረገው ማሻሻያ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ውሳኔ ለነፃ የባለሙያዎች ጉባኤ በይግባኝ እንዲቀርብ ፈቅዷል።

ይህ ነፃ የባለሙያዎች ጉባኤ በብሪታንያ ልምድ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ክፍል ነው። መነሻው የገንዘብ ጉዳይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 ዳኛ ላውራ ኮክስ በምክር ቤቱ ሠራተኞች ላይ ስለሚደርስ ማንገላታትና ጾታዊ ትንኮሳ ባቀረቡት ሪፖርት፣ እንደራሴዎች በእንደራሴዎች ላይ የሚፈርዱበት ሥርዓት የተጎጂዎችን እምነት ሊያገኝ እንደማይችል አስረዱ። አቤት ባይዋ ጸሐፊ ወይም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስትሆን፣ የሚፈርድላት የተከሳሹ የፓርቲ ባልደረባ ነው ማለት አቤቱታውን ገና ከመነሻው መዝጋት ነው። ስለዚህ በ2020 አንድም የምክር ቤት አባል የሌለበት ጉባኤ ተቋቋመ። ጉባኤው እገዳ ወይም ማባረር ሲወስን ሐሳቡ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ክርክር ግን አይደረግበትም። የወንበሩ ሉዓላዊነት በመርህ ይጠበቃል፤ በምልዓተ ጉባኤ ፊት ምስክርን የማጥላላት፣ ተጎጂን በስም የማንሳት፣ ወዳጅን በንግግር የማዳን ዕድል ይዘጋል። በኦክቶበር 2023 ፒተር ቦን ክሱን ቢክዱም ጉባኤው ማንገላታትና ጾታዊ ጥፋት መፈጸማቸውን በማረጋገጥ የስድስት ሳምንት እገዳ ሲያቀርብ፣ ምክር ቤቱ ያለ ንግግር ተቀበለው። ዜናው የአንድ ቀን ዜና ሆኖ አለፈ። ለሥነ ምግባር ሥርዓት ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

እዚህ ላይ አንድ የማይገባ ልዩነት ይታያል። ሠራተኛን ያንገላታ አባል ጉዳዩ ያለ ክርክር ሲወሰን፣ በገንዘብ ተደልሎ ለኩባንያ ጥብቅና የቆመ አባል ጉዳይ ግን በምልዓተ ጉባኤ ለክርክርና ለማሻሻያ ሐሳብ ክፍት ነው። የ2022ቱ ማሻሻያ ይግባኝን ጨመረ እንጂ ይህን በር አልዘጋም። በመጀመሪያው ጉዳይ ተጎጂዋ በስም ትታወቃለች፤ በሁለተኛው ተጎጂው ሕዝብ ነው፤ ስም የሌለው ተጎጂ ጥበቃው አነስተኛ መሆኑ ሊያስገርም አይገባም፤ ትክክል ግን አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚደግፈው ሁለቱም ጉዳዮች በአንድ ሥርዓት እንዲታዩ፣ ማለትም ነፃ አካል እንዲመረምርና ቅጣት እንዲያቀርብ፣ ይግባኝ እንዲኖር፣ ምልዓተ ጉባኤውም ያለ ክርክርና ያለ ማሻሻያ ይሁንታ እንዲሰጥ ወይም እንዲነፍግ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ ከመርህ የሚመነጭ ነው። ሕዝብ የመረጠውን ሰው ሕዝብ ያልመረጠው ጉባኤ እንዴት ያግደዋል? እገዳ ማለት የአንድ ምርጫ ክልል ሕዝብ ለሳምንታት ያለ ድምፅ ይቀራል ማለት ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ግን አማራጩ፣ ማለትም የተመረጠው አብላጫ የመጨረሻውን ድምፅ ያለ ገደብ መያዙ፣ የሚያሰጋው ባልደረቦቹን በማዳኑ ብቻ አይደለም፤ ተቃዋሚዎቹን በማጥፋትም ያሰጋል። የሕንድ የታችኛው ምክር ቤት ለዚህ ምሳሌ ነው። በዲሴምበር 2005 ጥያቄ ለማቅረብ ገንዘብ ሲቀበሉ በድብቅ ካሜራ የተቀረጹ 11 የሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት፣ ቀረጻው ይፋ በሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተባረሩ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2007 የማባረር ሥልጣኑን አጸና። ያ ፍጥነት በጊዜው ብዙዎችን አስደስቷል። ዲሴምበር 8 ቀን 2023 ግን ይኸው ሥልጣን በተቃዋሚዋ በማሁዋ ሞይትራ ላይ ሲውል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው 6 ለ4 ተከፍሎ ያጸደቀው ሪፖርት በአንድ ቀን ክርክር፣ እርሳቸው በምክር ቤቱ እንዲናገሩ ሳይፈቀድላቸው፣ በድምፅ ጩኸት ጸደቀ። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት ለዚህ ነጥብ ወሳኝ አይደለም። ኮሚቴው በፓርቲ ሲከፈል ግኝቱ ግኝት መሆኑ ቀርቶ የአቋም መግለጫ ይሆናል። መራጮቻቸው በ2024 መልሰው ወደ ምክር ቤት ላኳቸው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አባልን ለማባረር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጠየቁ ይህን አደጋ አስቀድሞ ያየ ይመስላል፤ ከፍ ያለ የድምፅ ደፍ አብላጫውን ይገታል፤ በአንጻሩ የሁለቱ ፓርቲዎች ስምምነት ካልተገኘ ጥፋተኛውም ይተርፋል።

ሉዓላዊነቱን ለባለቤቱ የመመለስ ሙከራ በብሪታንያ በ2015 በወጣው ውክልና የማንሳት ሕግ ታይቷል። አንድ አባል በእስራት ከተቀጣ፣ ሐሰተኛ የወጪ ማካካሻ በማቅረብ ከተፈረደበት፣ ወይም ቢያንስ ለ10 የስብሰባ ቀናት ከታገደ፣ በምርጫ ክልሉ ለስድስት ሳምንት የፊርማ ማሰባሰቢያ ይከፈታል። ከተመዝጋቢ መራጮች 10 በመቶው ከፈረሙ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ አባሉም ከፈለገ በማሟያ ምርጫው ሊወዳደር ይችላል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ምርመራ የባለሙያ፣ የወንበሩ ዕጣ የመራጭ ይሆናል።

ግን ሕጉ ድልድዩን የሠራው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም የራሱን ፖለቲካ ወለደ። 10 ቀን ወንበር ሊያሳጣ የሚችል ቅጣት ከሆነ በኋላ 9 ቀን ማዳኛ ሆነ። ማርጋሬት ፌሪየር በ2020 ኮቪድ እንዳለባቸው እያወቁ ከለንደን ወደ ግላስጎው በባቡር ተጉዘው በወንጀል ተፈርዶባቸው ነበር። ጉዳያቸው በሥነ ምግባር ኮሚቴው ሲታይ፣ የቀረበው 30 ቀን ወደ 9 ቀን እንዲወርድ ሐሳብ ቀርቦ ወደቀ። ዘጠኝ ለምን? ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ያልሆነበትን ምክንያት ከጥፋቱ ክብደት ማውጣት አይቻልም፤ ከ2015ቱ ሕግ ግን በቀላሉ ይወጣል። ምልዓተ ጉባኤው በጁን 2023 ቅጣቱን 185 ለ40 ሲያጸድቅ፣ ድምፅ የሰጠው ስለ እገዳ ብቻ አልነበረም፤ በተዘዋዋሪ ስለ ማሟያ ምርጫ ነበር። ስለዚህ ውክልና የማንሳቱ ጥያቄ ከቀናት ቁጥር ተላቅቆ፣ ነፃው አካል ጥፋቱ ለመራጭ ሊቀርብ ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ በምክንያት በሚሰጠው ግልጽ ውሳኔ ላይ ቢመሠረት ይሻላል።

መራጮችስ ሲጠየቁ ምን ያደርጋሉ? እንደሚታሰበው በቁጣ ብቻ አይፈርዱም። በ2018 ኢያን ፔይስሊ ከስሪላንካ መንግሥት የተከፈለላቸውን የቤተሰብ ጉዞ ባለማሳወቃቸው ለ30 ቀናት ሲታገዱ፣ በሰሜን አንትሪም የፈረሙት 7,099 ሰዎች ነበሩ፤ የሚያስፈልገው 7,543 ነበር። በ444 ፊርማ ወንበራቸውን አተረፉ። በፌሪየር ምርጫ ክልል 14.7 በመቶ፣ በቦን ምርጫ ክልል 13.2 በመቶ ፈረሙ፤ ሁለቱም ወንበራቸውን አጡ። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ፈራሚው ከመፈረሙ በፊት የታተመ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል የምርመራ ሪፖርት ነበረው።

ሥርዓቱ እስካሁን መልስ ያላገኘለት ቀዳዳ ሥራ መልቀቅ ነው። በጁን 2023 የልዩ መብቶች ኮሚቴ፣ ቦሪስ ጆንሰን በወረርሽኙ ጊዜ በጽሕፈት ቤታቸው ስለተደረጉ ግብዣዎች ምክር ቤቱን ሆን ብለው አሳስተዋል ከሚል መደምደሚያ ደርሶ 90 ቀናት እገዳ ይገባቸው እንደነበር አስታወቀ። ምክር ቤቱም ሪፖርቱን 354 ለ7 ተቀበለው። ጆንሰን ግን ሪፖርቱ ከመታተሙ ከቀናት በፊት ወንበራቸውን ለቀው ነበር፤ የተረፈው ቅጣት ለቀድሞ አባላት የሚሰጠውን የመግቢያ ካርድ መንፈግ ብቻ ሆነ። እንደ ፓተርሰን ሁሉ መራጮቻቸው ፊት ከመቅረብ በፊት ወጡ። አንዳንዶች መልቀቅ ራሱ ከቅጣት ሁሉ የከበደ ነው ይላሉ። እንዲህ የሚባለው ግን ሰውየው ወደ ምክር ቤት የሚመለስበት መንገድ እንዳልተዘጋ ሲዘነጋ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ንጽጽር ሩቅ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ለምክር ቤት አባል ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በአንድ በኩል አባሉ በምክር ቤት በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፤ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። በሌላ በኩል በንዑስ አንቀጽ 7 መሠረት የመራጩን አመኔታ ሲያጣ በሕግ በተደነገገው መሠረት ከአባልነቱ ሊወገድ ይችላል። ማለትም ብሪታንያ በ2015 የደረሰችበት መርህ፣ የወንበሩ የመጨረሻ ባለቤት መራጩ ነው የሚለው፣ በኢትዮጵያ በሕገ መንግሥት ደረጃ ከሃያ ዓመት በፊት ተጽፏል። ይሁንና በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ሰፊ ነው። ያለመከሰስ መብት ሲነሣ የሚወስነው የምልዓተ ጉባኤው አብላጫ ነው፤ ስለዚህ የሕንዱ አደጋ ለዚህ ድምፅም ይሠራል። አመኔታ ሲነሣ የሚወስነው መራጭ ነው፤ መራጩ የሚፈርደው ግን በምን ሰነድ ላይ ነው? አንድ ወረዳ እንደራሴውን መልሶ እንዲጠራ ሲጠየቅ፣ ከፓርቲ ካድሬ ቃልና ከማኅበራዊ መገናኛ ወሬ ሌላ በእጁ የሚይዘው፣ ተከሳሹም መልስ የሰጠበት፣ ነፃ አካል ያዘጋጀው ሪፖርት ከሌለ፣ ንዑስ አንቀጽ 7 ከመራጩ ይልቅ ለአሰባሳቢው ያገለግላል። በሕግና በአስተዳደር ትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎች ያለመከሰስ መብትን ደጋግመው ጽፈውበታል። ከእርሱ ቀጥሎ በአንዲት ዓረፍተ ነገር የተቀመጠችው ይህች ንዑስ አንቀጽ፣ ማን ይመርምር፣ ሪፖርቱስ ለመራጩ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው መንገድ ይድረስ የሚሉ ጥያቄዎችን ይዛ ትጠብቃለች።